«ድረሱልኝ!» ብዬ የጮኽኩበት ቅዳሜ

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ 2016 መጋቢት ውስጥ፣ ሆላንድ ውስጥ ሮተርዳም ዙይድ በሚባል ሰፈር እንኖር በነበረበት ጊዜ ነው። ዓመታት ቢያልፉም ባስታወስኩት ቁጥር ያናድደኛል። ባለቤቴ ብሌን «እስካሁን አልወጣልህም?» ትለኛለች። አልወጣልኝም።

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። በሳምንት አምስት ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን ሕፃናትን አስተምራለሁ። አንድ የማልናገረው ነገር ነበረኝ፤ አስፈሪ ጌም እወዳለሁ። ኳስ ወይም መኪና አይደለም። አሮጌ ቤት ውስጥ ብቻህን የምትቀርበት፣ ጥይትህ ሁለት ወይም ሦስት የሆነበት፣ ከኋላህ የሆነ ነገር ሲተነፍስ የምትሰማበት ዓይነት።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብሌን ሥራ ነበረች። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። እኔ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ትልቁን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ መጫወት ጀመርኩ። ጌሙ ላይ አንዲት ልጅ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ባዶ ቤት ትገባለች። መጥረቢያ የያዘ ሰውዬ ይከታተላታል። አንድ ጥይት ሲቀረኝ ሰውዬው በሩን ሰብሮ ገባ።

ጮኽኩ። «ኧረ ልቀቃት! ገደላት! ድረሱልኝ!» እያልኩ ወለሉን በእግሬ ደበደብኩት መሰለኝ። ማዳመጫ ስላደረግኩ የራሴ ድምፅ የት እንደደረሰ አላወቅኩም።

ማዳመጫውን ሳወልቅ በራችን እየተደበደበ ነው። ስከፍት ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ። ከታች የምትኖረው ቡርፍራው፣ ጎረቤታችን ማለት ነው፣ ሰው እየተደበደበ ነው ብላ ደውላለች።

«መኔር፣ ሌላ ማን አለ እዚህ?» አለችኝ ሴቲቱ፤ ጌታዬ ማለቷ ነው።

«ማንም የለም። ጌም እየተጫወትኩ ነው።»

«ሚስት አለችዎት?»

«አለች። ሥራ ናት።»

ብሌን ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። ሥራ ላይ ስልኳን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የምትቆልፈው። ፖሊሶቹ መኝታ ቤት ገቡ፤ መታጠቢያ ቤት አዩ፤ የልብስ ሳጥናችንን ሳይቀር ከፈቱ። እኔ ጆይስቲኩን እንደያዝኩ ሳሎን መሃል ቆሜያለሁ። በመጨረሻ በመሥሪያ ቤቷ ስልክ አገኟት። አናገሯትና ሳቁ። «ቀስ ብለው ይጫወቱ» ብለውኝ ወጡ።

እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ የሚሳቅበት ወሬ ነበር። ነገር ግን የቤታችንን ደረጃ ሲወርዱ ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት በመንገዱ ስታልፍ አየቻቸው።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሰላምታው ሁሉ ቀዝቅዟል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ነገሩ እስኪጣራ ከልጆቹ ክፍል ራቅ ብትል ይሻላል።»

«የቱ ነገር ጋሼ?»

ተከትላን የመጣችው ብሌን ገብቷት ፈጥና መለሰች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሥራ ላይ ነበርኩ። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም።»

እሳቸውም በሐዘኔታ ትከሻዋን ዳበስ አድርገው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ባልሽን መሸፈንሽ ያለ ነው» አሏት።

በዚህ ነው የተቃጠልኩት። እውነቱን በተናገርን ቁጥር ሰዉ ሽፋን ነው አለ። ብሌን ዝም ስትል ፈርታ ነው፤ ስትስቅ ልታስመስል ነው። አንድ እሑድ አስተምራቸው ከነበሩት ልጆች አንዷ፣ እዚሁ የተወለደች የስድስት ዓመት ልጅ፣ በሁሉም ፊት «አንተ፣ እስር ቤት ነበርክ?» አለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጌሙን ስከፍት ጥቂት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በሕይወታችን የፈራነው አልበቃ ብሎህ ነው ልጄ፣ ቁጭ ብለህ ፍርሃት የምትፈልገው?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ከልቤ መለስኩላቸው። «ጋሼ፣ የመኖሪያ ወረቀት ስጠብቅ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ፖስታ በመጣ ቁጥር «ተመለስ» የሚል ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር። ምንም ላደርግ አልችልም ነበር። እዚህ ግን ብፈራም እሮጣለሁ፣ እደበቃለሁ። ብሞትም የት እንደተሳሳትኩ አውቄ እንደገና እጀምራለሁ። ሲበቃኝ ደግሞ አጥፍቼው ሻይ አፈላለሁ።»

 እሳቸውም ወደ ጌሙ ዞረው ማየት ቀጠሉ። ሰውዬው ከደረጃው ሥር ብቅ ሲል «በኢየሱስ ስም!» ብለው ክንዴን ጨመደዱት። ትንሽ ቆይተው «አልጋው ሥር ግቢ በላት! በሩን ቶሎ ዝጋው እንጂ!» ይሉኝ ጀመር። ሻያቸው ቀዘቀዘ። ካፖርታቸውን መቼ እንዳወለቁ እንኳን አላየሁም። ሊመሽ ሲል ተነሥተው «አሁን ገባኝ» አሉ። ብሌን ስትመጣ አቅፌ አሽከረከርኳት፤ ነገሩ ያለቀልኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ጉባኤው ፊት ቆሙ።

«ወንድማችን ሚስቱን አልመታም፤ ሄጄ አረጋግጫለሁ» አሉ። እፎይ ከማለቴ ቀጠሉ። «ነገር ግን እንዲህ ያለ የጨለማ ሥራ ቤቱ ያስገባ ሰው ልጆቻችንን ማስተማር የለበትም።»

ሰዉ አሜን አለ።

ስንወጣ ኮት መስቀያው አጠገብ ብቻዬን አገኙኝ። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያቺ ልጅ… ወንድሟን አገኘችው?»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ እንደወደዱት ቅድም ለምን አልተናገሩም?»

የካፖርታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፉ። «አንተ ወጣት ነህ፣ ያልፍልሃል። እኔን ግን ምን ይሉኛል?» ብለውኝ ሄዱ። የልጅቷን መጨረሻ አልነገርኳቸውም።

በዓመቱ ዴን ሃግ ወደምትባለው ከተማ ተዛወርን። እዚያም ሌላ ጉባኤ አገኘን፤ ሕፃናትንም እንደገና ማስተማር ጀመርኩ። ጌሙን ግን አልተውኩም። የምተወውም አይመስለኝም።

ወንድሞች «ቅዳሜ ከሰዓት የት ትጠፋለህ?» ሲሉኝ «ስኬቨኒንገን የባሕሩ ዳርቻ ላይ በእግሬ እሄዳለሁ» እላቸዋለሁ። ከሐሜቱም፣ ከጋሽ ታደሰም ይበልጥ አሁን የሚያናድደኝ ይህ ውሸቴ ነው።