አበልጅ የሚል ሳጥን የሌለው ፎርም

«ምላስሽን እዚሁ ጥለሽው ሂጂ፤ የሰው አገር ላይ ያስርብሻል» አለችኝ እናቴ። ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ በመስኮት በኩል ነው ያለችኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። ሌላ እናት ብትሆን «እግዜር ይከተልሽ» ትል ነበር። የእኔዋ በምታውቀኝ ልክ መረቀችኝ።

ገና እየነጋጋ ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አልወጣለትም። ልጄ ሶስና እናቴ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። አልቀሰቀስኳትም፤ ብቀሰቅሳት አልሄድም ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ኮረሪማና አንድ ጣሳ የጫካ ማር አለ። ማሩን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቀሙኝ፣ ኮረሪማውን አሽትተው ለቀቁልኝ።

እንዴት ጀርመን አገር እንደደረስኩ ለማታውቁ ልንገራችሁ። አባቴ ከሸዋ ቤንች ወረዳ የሆነ የቤንች ሰው ነው። እናቴ ደግሞ ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጅ ናት፣ ሚዛን የተወለደች። ቤንችኛን ከአባቴ እናት፣ አማርኛን ከእናቴ ይዤ አደግሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ሱቅ ውስጥ የሞባይል ካርድ እየሸጥኩ ሳለ ኤሌኒ መጣች። ግሪክ ናት፣ የምታስተምረው ግን ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ቤንችኛ ልታጠና መጥታ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ፈለገች። ቤንችኛ ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል ትርጉሙ የሚለወጥ፣ በፉጨት እንኳ የሚነገር ቋንቋ ነው፤ ተምሬዋለሁ ብሎ የሚጫወትበት አይደለም። የሰው ወሬ በድምፅ እየቀረፅን ሦስት ክረምት አብረን ጭቃ አቦካን።

በመጀመሪያው ክረምት እርጉዝ ነበርኩ። የልጄ አባት ቡና ሊገዛ ቴፒ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ደግ አደረገ። ሶስና ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ያነሳቻት ኤሌኒ ናት። ቄሱ «የግሪኮች ሥርዓት ከእኛ ይለያል» ብለው ሁለት ሳምንት አመላልሰውን ነበር፤ እናቴ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብላ አስቸገረቻቸውና በመጨረሻ እሺ አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ኤሌኒን «ዶክተር» ነበር የምላት። ከዚያ ወዲያ ግን «አበልጄ» ሆነች። እኔ «አበልጄ» ስላት እሷ «አቤት አበልጄ» ትላለች፣ በዚያ ጠንካራ «ጄ»ዋ። በገበያ መሐል እንዲህ ስንጠራራ ሰው ይስቅ ነበር። እኛም እንስቅ ነበር።

የቀረፅነውን ድምፅ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሲያስፈልግ ዩኒቨርሲቲዋ እኔን ጠራኝ። ተቀጣሪ አይደለሁም፣ ተማሪም አይደለሁም። የምሠራ እንግዳ ነኝ። እንደኔ ላለ ሰው «ሆኖራር» የሚሉት ክፍያ አላቸው፤ ሥራው ሲያልቅ ባንዴ ይገባል። እስከዚያ የቤት ኪራይና የምግብ ይችሉኛል።

ቤት ያልኩት እንኳ አንዲት ክፍል ናት። አከራዬ ፍራው ክራውስ የሰባ ዓመት ሴትዮ ናት፣ መስኮት የምትቆጥር።

«ዛሬ መስኮት ከፍተሻል?»

«በረዶ እየጣለ ነው እኮ፣ እሜቴ።»

«በረዶ ግድግዳ አያሻግትም። የሚያሻግተው ያንቺ ትንፋሽ ነው።»

እኛ አገር ብርድ ሲመጣ በር ይዘጋል። እነሱ ብርዱን ጠዋትና ማታ ለአሥር ደቂቃ ቤት ያስገቡታል፣ እንደ ዘመድ። ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድብኝ ያደግኩ ልጅ፣ ትንፋሼ ቤት እንደሚያፈርስ የሰማሁት እዚያ ነው።

ምግቡንማ ተዉት። አንድ የእስያ ሱቅ ውስጥ ጎደሬ አገኘሁ፤ አንድ በአንድ በላስቲክ ጠቅልለው እንደ መድኃኒት ደርድረውታል። አባቴ ጓሮ እግር የሚያደናቅፍ ነገር። ገዝቼ ቀቀልኩት። ጣዕሙ ውኃ ውኃ አለኝ፣ ግን ድስቱን ሙሉ ጨረስኩት። ያማረኝ ጨሞ ነበር፣ ያ የቡና ቅጠሉን ከቃሪያና ከዝንጅብል ጋር የምናፈላው። ቡናቸው ሞልቷል፤ ቅጠል ብዬ ስጠይቅ ግን ያዩኛል።

ሥራው ግን ደስ ይለኝ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አያቴ ስታወራ እሰማለሁ፣ የምትለውን እጽፋለሁ። ከድምፅዋ ጀርባ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ ዶሮ ይጮኻል። አንድ ቦታ ላይ ሶስና ታለቅሳለች። እዚያ ስደርስ ወደኋላ እየመለስኩ ደጋግሜ እሰማው ነበር። ያን ቀን ሥራ አይገፋልኝም።

ስድስት ወር እንዲህ ሠርቼ ጨረስኩ። ለነርስነት ሥልጠና ተቀብለውኝ ነበር። ሥልጠናውን ይዤ ከርሜ ሶስናን ማምጣት ነው ሐሳቤ። መኖሪያ ፈቃዴ እንዲታደስ ግን ባንክ ውስጥ ገንዘብ ማሳየት አለብኝ። ያለኝ ገንዘብ ያ ሆኖራር ብቻ ነው። ፈቃዴ የሚያበቃው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው።

የክፍያ ፎርም ሰጡኝ። አንዱ ጥያቄ «ሥራውን ከሰጠዎት ሰው ጋር ዝምድና አለዎት?» ይላል። ከሥሩ ሳጥኖች አሉ፤ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ እኅት ወንድም፣ ሌላ። እንግዲህ እኔ ያደግሁት ገንዘብ ያዥ «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ በሚጠይቅበት አገር ነው። የሚያውቀው ሰው ከጠራሽለት ወረቀትሽ ከላይ ይሆናል፣ ካልጠራሽ ከሥር ይቀበራል። ስለዚህ ተያዥ የጠየቁኝ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና ጻፍኩ፦ «አበልጅ ነን፤ ልጄን ክርስትና አንስታለች።» እንዳያንስባት ብዬ «ከዘመድ ይበልጣል» የሚል ጨመርኩበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ክፍያው መታገዱን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ።

የክፍያ ክፍሉ ሰውዬ ኸር ብራንት ይባላል። ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንደ ትንሽ ልጅ «ፍሮይላይን» ሳይል፣ በአክብሮት ስለሚያናግረኝ እኔ በልቤ «እርስዎ» እያልኩ ነው የምተረጉመው። ሚዛን ውስጥ እርስዎ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

«‹ከዘመድ ይበልጣል› ብለው ጽፈዋል» አለኝ።

«አዎ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዘመድ ሊጣላ ይችላል፤ አበልጅ አይጣላም። የእሷ ልጅና የእኔ ልጅ መጋባት እንኳ አይችሉም።»

ብዕሩን አነሳ። «የጋብቻ ጉዳይ አለ?»

«የለም። እንዳይኖር ነው የምልዎት።»

ትንሽ ጻፈ። «እንግዲያው ሥራውን የሰጠችዎት ስለተዛመዳችሁ ነው?»

«ቤንችኛ ስለማውቅ ነው። እርስዎ ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ለዚህ ነው ለእርስዎ ያልሰጠችው።»

አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። አዲስ ፎርም አውጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ካደረግሁ ገንዘቡ በአሥር ቀን ይገባል። «አለ» ካልኩ ግን ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቀርባል።

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

«ከገና በዓል በኋላ፣ በአዲሱ ዓመት።»

ከበዓሉ በኋላ እኔ ጀርመን የለሁም። ይህንንም ነገርኩት። «ይገባኛል» አለ። እዚያ አገር ሁሉም ነገር ይገባቸዋል።

አገሬ ሰው ካላወቅሽ አይከፈልሽም፣ እዚህ ሰው ካወቅሽ አይከፈልሽም። ፎርሙን አጥፌ ወደ ቤት ሄድኩ። አበልጄን ለምን ቀድሜ እንዳልጠየቅኳት እንዳትሉኝ። አፍሬ ነው። «ልክድሽ ነው፣ ፍቀጂልኝ» ብሎ እንዴት ይጠየቃል? እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ሶስናስ?»

«ክርስትና እናቷ የላከችላትን ጫማ አላወልቅም ብላ ከነጫማዋ ተኝታለች። ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

ነገርኳት። የሚዛን ዝናብ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ምላስሽን ጥለሽ ሂጂ ብዬሽ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«እማዬ፣ ወረቀት ብቻ ነው እኮ።»

«ወረቀት ብቻማ ከሆነ ለምን ካልፈረምሽ አሉሽ?»

«ልፈርም ወይስ አልፈርም?» አልኳት።

«ልጅሽ እዚህ ናት፣ አበልጅሽ እዚያ ናት። እኔን አትጠይቂኝ» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ ኸር ብራንት ፊት ተቀመጥኩ። ፎርሙ አልተሞላም። ሌሊቱን ሳስብ ያገኘሁትን ነገርኩት፦

«ዝምድና የሁለት ሰው ነው። እሷ ሳትጠየቅ እኔ ብቻዬን የለም ማለት አልችልም። እሷም ትጠየቅ።»

«ተጠይቃለች» አለኝ።

ማኅደሩን ገለጠና አንድ ወረቀት ወደ እኔ አዞረ። ያው ጥያቄ፣ ያው ሳጥኖች። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አለ። ከሥሩ ፊርማዋ። ጋደል ያለ፣ ጭራው የተጠቀለለ፤ ሦስት ክረምት ሙሉ በየድምፁ መዝገብ ላይ ሳየው የኖርኩት ፊርማ ነው። ቀኑን አየሁ። እኔ ገና ሚዛን ሆኜ ኮረሪማ የምፈለፍልበት ሳምንት ነው።

«ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሞላው» አለ ኸር ብራንት። ሊያጽናናኝ ይመስለኛል።

«ብዕር ይሰጡኛል?»

ሰጠኝ። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

«ምልክቱ ከሳጥኑ ወጥቷል» አለኝ፤ ሌላ ቅጂ አመጣ። ሁለተኛውን ቀስ ብዬ፣ መስመሩን ሳልነካ ሞላሁና ፈረምኩ።

ስወጣ ኤሌኒ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። ደብዳቤ መጣልኝ ያልኳት እለት «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» ብላኝ ነበር፤ የምታስተምረው ክፍል ነበራትና ዘገየች። በሁለት የወረቀት ኩባያ ሻይ ይዛለች። ስታየኝ ተነሳች።

«አለቀ አበልጄ?» አለችኝ በአማርኛ።

«አለቀ፣ ዶክተር።»

አንዱን ኩባያ እንደዘረጋችልኝ ቆማለች። ኮቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩና ደረጃውን ወረድኩ።