ለሬሳ ብቻ የሚከፈት ወረፋ

ሆሳዕና ነዳጅ ሲጠፋባት ፀባይዋ ይከፋል። ትናንት ሻይ የጋበዘህ ሰው ዛሬ በወረፋ ከፊቱ ስለቆምክ ብቻ ዓይንህን ማየት ይጠላል። የባጃጁ፣ የሞተሩና የሚኒባሱ ሰልፍ ከማደያው በር ተነስቶ አስፋልቱን ይዞ ይወርድና ወደ መንደር ውስጥ ይታጠፋል። ሾፌሮቹ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ፣ እዚያው ይደባደባሉ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ልጆችን ስለ ትዕግሥት አስተምራለሁ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ግን ሰው ማነቅ አምሮኛል።

አባቴን ከሆስፒታል ያወጣነው በዚያው ሰሞን ነው። ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠራኝና «ከዚህ በኋላ የምናደርግላቸው ነገር የለም፤ ቤታቸው ይሁኑ» አለኝ። አባቴ ሳይነገረው ገብቶታል። ዕድሜውን በሙሉ ሾፌር ነበር፤ ሰው በሞተ ቁጥር ለቀስተኛ ጭኖ ከዳምቦያ አዲሎ፣ ከአዲሎ ሞርሲቶ ሲመላለስ ኖሯል። በእኛ አገር የሰው ክብር የሚለካው በቀብሩ ላይ በቆመው ሕዝብ ነው። የእሱም ምኞት ይኸው ብቻ ነበር፤ ዳምቦያ ቤቱ ገብቶ እናቴን ማየት፣ ከዚያ ሰው ሞልቶ እንዲቀብረው። ሌላ የጠየቀን ነገር የለም።

የቤታችንን ሚኒባስ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው። የነበረችን ነዳጅ ከሆስፒታሉ እስከ ማደያው ብታደርሰን ነው። ከየሱቁ ጓሮ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ብንፈልግ ያን ቀን ፖሊስ ሰብስቦ ወስዶታል። ስለዚህ አባቴን ከኋላ ወንበር ላይ አስተኝተን፣ ጋቢ ደራርበንለት ተሰለፍን።

ድሮ ለታመመ ሰው ወረፋው ይከፈት ነበር። ሰው ግን ነውር አያውቅም። ጤነኛ ሚስቱን ሆዷ ላይ ትራስ አስሮ «ምጥ ይዟታል» ያለ መጣ፤ ክንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ እያቃሰተ የገባና ቤንዚኑን ከቀዳ በኋላ እየዘለለ የወረደ መጣ። ሾፌሮቹ ተሰብስበው ወሰኑ፤ ከእንግዲህ ቅድሚያ ለሬሳ ብቻ። በሬሳ የሚቀልድ የለም። በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብሎ በራሱ ቤት ላይ ሟርት የሚጠራ ከወዴት ይመጣል?

ወረፋውን የሚያስከብረው ሾፌሮቹ የመረጡት ዱላ የያዘ ጎረምሳ ነበር። ሄጄ ለመንኩት። መጣና በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ አባቴን አየው።

«እሳቸው እኮ ይተነፍሳሉ» አለኝ።

«ታመዋል ነው ያልኩህ! ሐኪም ተስፋ ቆርጦ ነው ያሰናበታቸው።»

«ገብቶኛል ወንድሜ። ሲያርፉ ኑ።»

ይህን ያለው አባቴ እየሰማ ነው። ኮሌታውን ልይዘው ስል ወንድሜ ጎተተኝ። ከኋላችን ያለው የባጃጅ ሾፌር ደግሞ የእኛን ጭቅጭቅ ትቶ የራሱን ጀመረ። «እዚያ ቆላው ፓርክ ውስጥ ከመሬት ሥር ነዳጅ አለ አይደል የሚሉት? ምን ይጠብቃሉ? ፓርክም ይሁን ጫካ፣ ይቆፍሩት!»

«አንበሳውና ሌላው አራዊትስ?» አለው አንዱ።

«አራዊቱ ባጃጅ አይነዳ! ይሰደድ፤ እኛስ በገዛ አገራችን መንገድ ላይ እያደርን አይደል?»

«ቢወጣስ ሆሳዕና የሚደርስ መሰለህ?»

ሳቁ። እዚያው አጠገባቸው ሰው እየሞተ ስለ አንበሳ መሰደድ እየተከራከሩ ሳቁ።

አባቴ በአይኑ ጠራኝ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ በከምባትኛ ነበር ያናገረኝ። «ሸፍነኝ» አለ።

«በረደህ አባባ?»

«ፊቴን ሸፍነኝ። ከዚያ ውጣና አልቅስ።»

እንቢ አልኩ። ወንድሜ መሪው ላይ ተደፋ። አባቴ ተቆጣ፤ ከመታመሙ በፊት ፍሬን ሳይፈተሽ መኪና ሲነሳ እንደሚቆጣው አድርጎ ተቆጣ። «እዚህ አስፋልት ላይ ብሞት ምን ልታደርጉኝ ነው? እናታችሁ ሳታየኝ? ሟርቱን ተወው፤ የምሞተው እኔ ነኝ። ሸፍነኝ አልኩህ!»

በነጠላ ሸፈንኩት። ማልቀሱ አላስቸገረኝም፤ ከሐኪሙ በር ጀምሮ ይዤው የመጣሁት ነበር። ገና አንድ ጊዜ ጮኼ «አባባ!» ስል ሰልፉ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። ዱላ የያዘው ጎረምሳ እየሮጠ መጥቶ ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅር በለኝ፣ አላወቅኩም፣ ይቅር በለኝ» እያለ እንባውን ጠረገ። ከዚያ ዞሮ «መንገድ! መንገድ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። ባጃጆቹ በእጅ እየተገፉ ወደ ዳር ወጡ። አንዱ «አላህ ይዘንላቸው» ይላል፣ አንዱ «ጌታ ያጽናችሁ» ይላል፤ ያ የአንበሳው ጠላት ራሱ ሚኒባሳችንን ከኋላ ይገፋልን ነበር። ለሕያው የነፈጉትን ለሬሳ አፈሰሱት።

ቀጂዋ ነዳጁን ስትሞላ አባቴን ሳል ተናነቀው። ነጠላው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ላዩ ላይ ወደቅሁና ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ለቀስተኞቼም አብረውኝ አለቀሱ። በዚህ መሃል አንድ የዳምቦያ ነጋዴ፣ ቤታችንን የሚያውቅ፣ በመስኮቱ ትከሻዬን ነክቶ አለቀሰና ስልኩን አውጥቶ ራቅ አለ። የራሱን ጉዳይ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

አንጋጫን ስናልፍ አባቴ ነጠላውን ገልጦ ውሃ ጠየቀ። ጠጥቶ ትንሽ ሲያርፍ ወንድሜን «ፍሪሲዮኑን አታቃጥለው፣ እግርህን አንሳ» አለው። ሦስታችንም ሳቅን። ያን ያህል ደስ ብሎን አያውቅም። ስልካችን አለመጮሁን እንኳ ልብ አላልንም። በእኛ ዘንድ ሬሳ ይዞ ለሚመጣ ሰው አይደወልም፤ የሚደወለው ለጎረቤት ነው፣ ጎረቤትም ድንኳን ይተክላል።

ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቀን። የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚዎች ተደርድረዋል፤ ወጣቶቹ ጉድጓድ ቆፍረው ጨርሰው እግራቸው አፈር ለብሷል። እናቴ ፊቷን ቧጥጣ ደም በደም ሆናለች። በሩ ሲከፈት ሰዎች ሬሳውን ሊያወርዱ እጃቸውን ሰደዱ፤ አባቴም «ቀስ በሉ» አላቸው። ከፊት የነበሩት ሴቶች እየጮኹ ተበተኑ። ወንጌላዊው እጁን ዘርግቶ «በኢየሱስ ስም!» እያለ መንፈሱን መገሠጽ ጀመረ። እናቴ አባቴን አቀፈችው፤ እኔን በጥፊ አጮለችኝ፤ ከዚያ ተመልሳ እሱንም ደረቱን መታችው።

የእናቴ ወንድሞች ከሞርሲቶ የደረሱት አመሻሹ ላይ ነው። ከጎረቤት ሞተር ሁሉ ቤንዚን በጎማ መጥጠው ነው የመጡት። ከአጥሩ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ፤ አባቴ ትራስ ተደግፎ አጥሚት ይጠጣል። ታላቁ አጎቴ መጀመሪያ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። «መመለሻ ነዳጅ እንኳ የለንም እኮ» አለ። ቀጥሎ የተናገረውን ያለ ክፋት ነው የተናገረው፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። «ሁለተኛ መምጣት አንችልም። ከመጣን አይቀር እንጠብቅ» አለ።

ጠበቁ። ጉድጓዱ ክፍት ማደር የለበትም ተብሎ ተደፈነ፤ ድንኳኑን ግን እድሩ ለማንኛውም ብሎ ተወው። ሰዎቹ እዚያ ተቀምጠው ሲያወሩ ድምፃቸው በግድግዳው አልፎ አባቴ አልጋ ድረስ ይሰማል። «ዛሬ እንዴት አደረ?» «በልቷል ይባላል።» «በልቷል?» የሚሉት በቅሬታ ነው። አንዱ ከብት ሜዳ ላይ ትቶ መጥቷል፣ አንዱ ሱቁን ዘግቶ። እያንዳንዱ ጠብታ ቤንዚን ትዝ ይላቸዋል።

አባቴ አጥሚቱን መግፋት ጀመረ። እናቴ ማንኪያውን አፉ ላይ ስታስጠጋ ከንፈሩን ይገጥማል። ብቻችንን ስንሆን ጠየቅሁት።

«ሳይበተኑ ልሂድ» አለኝ።

ሰውነቱ እንቢ አለው። ቢያልቅለት ይወድ ነበር፤ ነገር ግን እናቴ እያለቀሰች ታበላዋለች፣ እሱም ሲደክም ይውጣል። ልቡ ሊሞት እየፈለገ ጉንጩ ሥጋ ያዘ። አጎቶቼ ተስፋ ቆርጠው አንድ ማለዳ በእግር ወደ አዲሎ ወረዱ፤ ከዚያ የጭነት መኪና ይለምናሉ። አባቴን አልተሰናበቱትም። አልጋው ላይ ሆኖ የእግራቸውን ኮቴ አዳመጠ። እድሩም ድንኳኑን ነቀለ።

አባቴ የሞተው ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ማለዳ ወፍ ሲንጫጫ፣ እናቴ ልብሱን ስትቀይርለት ነው። ሞርሲቶ ደወልኩ።

«አሁንስ በደንብ አይታችኋል?» አለኝ አጎቴ።

«አዎ ጋሼ።»

«ነዳጅ እኮ የለም ልጄ። ለእሱም ቢሆን... አልቅሰንለታል።»

ጎረቤቱም የገበያ ቀን ነው ብሎ ወጥቷል፤ ልጆች ልከን ብናስጠራ «አሁን ደግሞ ማን ሞተ አሉ?» እያሉ የሳቁ ነበሩ። የመጡት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ሁሉ ሞተራቸውን ይዘው ዱራሜ ማደያ ተሰልፈው ነበር። ወንድሜ ደውሎ ለመናቸው። «ጥለን ከመጣን ወረፋችን ይሄዳል፤ ከኋላ ነው የምንሰለፈው» አሉት። ወንድሜ ስልኩን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው።

የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ዳገት ላይ ነው። ቃሬዛውን በአንድ በኩል እኔ፣ በአንድ በኩል ወንድሜ፣ ከኋላ ወንጌላዊው ያዝን፤ አራተኛው ጫፍ መሬት ላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና ጎንበስ ብላ ትከሻዋ ላይ አነሳችው። ሴት ሬሳ አትሸከምም የሚላት ሰው እንኳ አልነበረም።