አባቴን ማንኪያ ያስያዙት አክስቴ

አክስቴ ደብረ ብርሃን ከተማ ነርስ ነበሩ። አባቴ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ከአንኮበር ሲመጣ፣ እኔ ላጎርሰው ስጣደፍ ሳህኑን ተቀብለውኝ ማንኪያውን በደህናው እጁ አስያዙት። ሾርባው ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«እትዬ፣ ጨከንሽብኝ!» አለ እያለቀሰ።

«የምትችለውን አልነጥቅህም፤ ላቃተህ ግን እኔ አለሁልህ» አሉትና ደረቱን ጠረጉለት። ለሚያሠለጥኗቸው የነርስ ተማሪዎችም ነርስነት ማለት ይኸው ነው ይሉ ነበር። አባቴ ዛሬ ራሱ ይበላል፤ የሸሚዙንም ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል።

እሳቸው ካረፉ ወዲህ እኔ መቀመጥ አቃተኝ። አባቴ ምርኩዙን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ብድግ እላለሁ፤ እመለሳለሁ፤ ደግሞ እነሳለሁ።

«ኧረ አረፍ በል፣ አደከምከኝ!» ይለኛል።

እጄን መቼ እንደምዘረጋ፣ መቼ እንደምሰበስብ በዓይናቸው ይነግሩኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው።