የንጉሡ ዓመት ከአንድ ቀን

ጎረቤቴ ንጉሡ በሕይወቱ የመታው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም በዶሮ። ከፍሪዘር የወጣ፣ ድንጋይ የመሰለ ሙሉ ዶሮ ነበር። የተመታው ደግሞ የሰላሳ ዓመት ጓደኛው ፍቅረማርያም ነው።

ንጉሡ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ከኔ በር ሦስተኛው በር የሱ ነው። ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መኪና ተቀብሎ ሲያቆም ኖሯል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ቀጭን ሰው ነው። እኔ ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ዝም ብሎ አያወልቅም፤ ሁለቱን ያስተካክልና አፍንጫቸውን ወደ በሩ አዙሮ ያቆማቸዋል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አዲስ አበባ ሃይማኖት የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ወደዚህ መምጫ ወረቀቷን በሱ ስም ካስገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ የኤምባሲ ቀጠሮዋን ነው የሚጠብቀው።

ነገሩ የሆነው አምና ጳጉሜን ሦስት ቀን ነው። ለዘመን መለወጫ ዕቃ ልንገዛ በንጉሡ መኪና ሄደን፣ ከሐበሻ ሱቅ ስንወጣ ፍቅረማርያም መኪናውን ተደግፎ ቆሞ አገኘነው። ፍቅረማርያም ጡረታ የወጣ የታክሲ ሾፌር ነው፤ ታኮማ ፓርክ ብቻውን ይኖራል፤ ነገር መፈለግ እንደ ምግብ ነው የሚጥመው።

«ይሄ ምን ዓይነት አቋቋም ነው?» አለ ጎማውን በጫማው ነካ አድርጎ። «መስመሩን ረግጠህ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነው የኖርከው?»

ንጉሡ ዕቃውን ትራንክ ውስጥ ከተተ፣ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሞተሩን አስነሣ። ወደ ኋላ ወጣ፣ መሪውን አዞረ፣ ተመልሶ በሁለቱ መስመር መሐል ልክ አድርጎ አቆመ። ወርዶ አራቱንም ጎማ አየ። በሮቹን ቆለፈ። ከዚያ ትራንኩን ከፈተ፣ ዶሮውን ከነፌስታሉ አወጣ፣ አዙሮም የፍቅረማርያምን ግንባር አለው።

ፍቅረማርያም አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። ግንባሩ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣ። አምቡላንስ እንጥራ ስንለው፣ «እኔን የሚገድለኝ ዶሮው ሳይሆን አምቡላንሱ ነው» ብሎ በእግሩ ሄደ።

ማታ ንጉሡ እኔ ቤት መጣ። የልጅ ልጄ ቤዛዊት የሕግ ትምህርት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ስታጠና ጮክ ብላ ነው፤ እኔ ደግሞ ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ አንድ ዓመቴ ስለሆነ እጄ እንዳይረሳ የሰማሁትን ሁሉ በደብተሬ እጽፋለሁ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁ ተጽፎ የተቀመጠ ነው።

«ቤዛ ልጄ፣» አለ ንጉሡ፣ «ሰውየው ቢሞት እኔ ምን እባላለሁ?»

«ደህና ናቸው እኮ ጋሼ። አሁን ኮል አድርገው፣ ዶሮው ተረፈ ወይ ብለው እማማን ጠይቀዋታል» አለችው፤ እማማ የምትለኝ እኔን ነው።

«ቢሞት ነው ያልኩሽ።»

ቤዛ መጽሐፏን ገለጠች። «ኦኬ። ኮመን ሎው የሚባለው ከእንግሊዝ የመጣው የጥንቱ የዳኞች ሕግ ነው። በሱ ሰው መግደል ሁለት ትልልቅ መደብ አለው፤ መርደርና ማንስሎተር። መርደር በልብ ክፉ ሐሳብ ይዞ መግደል ነው።»

«እኔ በልቤ ምንም የለም።»

«ይቆዩ። ክፉ ሐሳቡ አራት ዓይነት ነው። አንዱ ልግደለው ማለት ነው። አንዱ ባልገድለውም ክፉኛ ልጉዳው ማለት። ሦስተኛው፣ ቢሞትም ምን ቸገረኝ ብሎ በጣም አደገኛ ነገር ማድረግ ነው። አራተኛው ደግሞ እንደ ዘረፋ ያለ ከባድ ወንጀል ሲሠሩ ሰው ቢሞት።»

«ዶሮውን ገዝቼዋለሁ። ደረሰኝ አለኝ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ያኛውስ? ማንስሎተሩ?»

«አንደኛው መንገድ ይሄ ነው። ሰው ክፉኛ አስቆጥቶዎት፣ ደምዎ እንደፈላ፣ ሳይረጋጉ ከገደሉ ዝቅ ብሎ ማንስሎተር ይሆናል።»

የንጉሡ ፊት በራ። «በቃ እሱ ነው! ደሜ ፈልቶ ነበር! እትዬ የዓለምዘርፍ ምስክሬ ናቸው» አለ ወደኔ እየጠቆመ።

«ምን አድርገውዎት?»

«መስመር ረገጥክ አለኝ።»

ቤዛ ከንፈሯን ነከሰች። ልትስቅ እንደሆነ ገባኝ፤ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኳት።

«ጋሼ፣ በጥንቱ ሕግ ንግግር ብቻውን አይበቃም። ቢመቱዎት ይሻል ነበር። ወይም ደግሞ... ሚስትን ከሌላ ሰው ጋር ማግኘት የመሰለ።»

«በመኪናዬ ነው እኮ የመጣብኝ!»

«እሺ። ከተናገሩዎት በኋላ እስኪመቷቸው ምን ያህል ጊዜ አለ?»

ንጉሡ አየኝ። እኔ ደብተሬን አየሁ።

«መኪናውን አስተካክዬ አቆምኩ።»

«ከዚያስ?»

«ጎማ አየሁ።»

«አራቱንም?»

«ሦስት አይቶ የሚሄድ ሰው አለ?»

«ከዚያስ?»

«ቆለፍኩ።»

ቤዛ መነጽሯን አወለቀች። «ጋሼ፣ ሕጉ ለመረጋጋት የሚበቃ ጊዜ የሚለው ይሄንኑ ነው። ከተረጋጉ በኋላ ተመልሶ መምታት፣ ቢሞቱ...»

«መርደር።»

«ሊያሰኝ ይችላል። ግን ጋሼ፣ በግንባር እብጠት ሰው አይሞትም።»

«የራስ ቅሉ ስስ ቢሆንስ? ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው።»

«ስስ ከሆነም ሕጉ እንዳገኟቸው ነው የሚወስዷቸው ይላል፤ አላወቅሁም ማለት አያድንም።» ይህን ባትለው ጥሩ ነበር። ንጉሡ ወንበሩ ላይ አነሰ። በቀስታ፣ «ሃይማኖት ቀጠሮዋ ደርሶ፣ አባትሽ የት ነው ቢሏት ምን ትላለች?» አለ።

ያኔ ነው ቤዛ ያን ነገር ከመጽሐፏ ያገኘችለት። በጥንት ጊዜ ሐኪሞች ሰውየውን ምን እንደገደለው ለይተው ማወቅ ስለማይችሉ፣ ዳኞቹ ወሰን አበጅተው ነበር። የተመታው ሰው በዓመት ከአንድ ቀን ውስጥ ካልሞተ፣ ከዚያ በኋላ ቢሞት የመታው ገዳይ አይባልም።

ንጉሡ ቀና አለ። «በነሱ አቆጣጠር ነው በኛ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«የኛ አሥራ ሦስት ወር ነዋ።»

«ቀኑ ያው ነው ጋሼ!»

በማግሥቱ የፍቅረማርያም ኑሮ ተለወጠ። ንጉሡ የደም ግፊት መለኪያ ገዛለት። ጠዋት ጠዋት ወደ አሌክሳንድሪያ ሲሄድ ከመንገድ ይደውልለታል።

«አለህ?»

«የለሁም።»

«ተመስገን» ይልና ይዘጋል።

በክረምቱ፣ ደረጃው ላይ በረዶ እንዳያንሸራትተው ሥራ ከመግባቱ በፊት ታኮማ ፓርክ ሄዶ ጨው ይበትንለት ነበር። ሰርግ ላይ ፍቅረማርያም ጥሬ ሥጋ ሲያነሣ ቢላዋውን ከእጁ ቀምቶት፣ ሙሽሮቹ ጠብ መስሏቸው ቆሙ። «በኔ ዓመት አይሆንም!» ይለው ነበር። ፍቅረማርያምም ነገሩ ሲገባው ጊዜ አላጠፋም። ሴቨን ኮርነርስ ገበያ መሄድ ሲያምረው ግንባሩን ይዞ፣ «ኡፍ፣ ዛሬ ራሴን እንዴት እንደሚያደርገኝ» ይላል። ንጉሡ ቁልፉን ያነሣል። ፍቅረማርያም የፈለገውን ይናገረዋል፤ ንጉሡ ይውጣል። የሰውየው ክብደት ቀንሶ፣ ግፊቱ ወርዶ፣ ሐኪሙ ምን እያደረግህ ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ «አንድ ሰው እንዳልሞት ይጠብቀኛል» አለው አሉ።

ዘንድሮ ጳጉሜን አምስት ቀን ንጉሡ ከረባት አሥሮ በሬን አንኳኳ። «ዓመት ከአንድ ቀኑ ትናንት ሞላ፣ እትዬ። ዓመት ሙሉ የዋጥኩትን ሁሉ ዛሬ አወርድበታለሁ።» ቤዛን፣ እኔንና ፍቅረማርያምን ጭኖ ወደዚያው ሱቅ ወሰደን።

ገዝተን ወጣን። ዶሮው ንጉሡ እጅ ላይ ነው። ፍቅረማርያም ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ።

«ያው ነህ፤ ዛሬም መስመር ላይ።»

ንጉሡ ሰዓቱን አየ፤ ፈገግ አለ። ፌስታሉ እጁ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። «ፍቅረማርያም፣ ከእንግዲህ ብትሞት ራስህ ነህ የሞትከው። ስለዚህ አሁን አንድ ነገር ልንገርህ...»

«ጋሼ!» አለች ቤዛ። «ይቅርታ፤ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። እኔ የተማርኩት የጥንቱን ነው። በዚህ በጋ ጠበቃ ቢሮ ስሠራ ነው ያወቅሁት፤ ሜሪላንድ ያን የዓመት ከአንድ ቀን ነገር ከተወችው ቆይቷል። ቀን ሲቆጥሩ ደስ ብሎዎት ስለነበር አሳዘኑኝ።»

«ታዲያ እስከ መቼ ነው?»

«ወሰን የለውም።»

«ጎሽ ሜሪላንድ!» አለ ፍቅረማርያም፤ እጁን አጨበጨበ። ከዚያ የንጉሡን ፊት አይቶ ተወው። አመድ መስሎ ነበር። «ሃይማኖት» ብቻ አለ ንጉሡ።

ፍቅረማርያም ባርኔጣውን አወለቀ። «ና፣ ንካው። እብጠቱ በሦስተኛው ቀን ነው የጠፋው። ራሴን ያመኝ የነበረው ሴቨን ኮርነርስ መሄድ ስፈልግ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«የሚያምህ እኮ እኔ እረፍት የምሆንበት ማክሰኞ ብቻ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ወሰድከኝ?»

«አንድ ማክሰኞ እውነት ቢሆንስ?»

ፍቅረማርያም ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ስማ። ልጅህ እስክትመጣ አልሞትም። ጥሬ ሥጋም አልነካም፤ ቃሌ ነው። ከመጣች በኋላ ግን የራስህ ጉዳይ።»

ንጉሡ ዶሮውን ለኔ ሰጠኝና መኪናው ውስጥ ገባ። ወደ ኋላ ወጣ፣ መሪውን አዞረ፣ በሁለቱ መስመር መሐል አቆመ። ወርዶ አራቱንም ጎማ አየ። በሮቹን ቆለፈ። ወደኔ መጥቶ፣ «ዶሮዬን» አለኝ።

ሰጠሁት። ቤዛ ክንዴን ያዘች፤ ፍቅረማርያም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ንጉሡ ትራንኩን ከፍቶ ዶሮውን አስቀመጠ፤ ቀስ ብሎ ዘጋው።

«አሁንስ?» አለ።

ፍቅረማርያም ጎንበስ ብሎ አየ። «ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን...»

ንጉሡ ግን አልሰማውም። የፊተኛውን በር ከፍቶ ይዞለት ቆሞ ነበር።

«ግባና ቀበቶህን እሰር» አለው።