አርባ አንደኛዋ ልጅ

እማዋይሽ ወደ ትንሿ ትምህርት ቤት የተዛወረችው ጉሮሮዋን ለማዳን ነው። ለወገን አስባ ነው የሚሏት ነበሩ፤ እሷ ግን እውነቱን ከማንም አልደበቀችም። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ባለ ትልቅ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ስታስተምር ሃያ ዓመት ሆኗታል። በአንድ ክፍል ዘጠና ሕፃን ይታጨቅባታል። ዴስኩ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ግማሽ ጎኑ አየር ላይ ነው። "ሀ በሉ!" ስትል ቤቱ ይናጋል፤ ማን እንዳለ፣ ማን እንዳላለ ግን አይለይም። በመጨረሻ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሐኪሙም "ወይ ጩኸቱን ይተዉ፣ ወይ ድምፅዎን ይሰናበቱት" አላት።

በዚያው ሰሞን መንግሥት ትንንሽ ትምህርት ቤቶችን ከመዝጋት ይልቅ ሊደግፍ መወሰኑ ተሰማ። በዚያው ከተማ፣ በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ዳርቻ፣ ተማሪ አነሰው ተብሎ ሊዘጋ የነበረ ትምህርት ቤት ጣሪያው ተቀየረለት፤ ዴስክና መጽሐፍ መጣለት። አንድ ክፍል ከአርባ ልጅ እንዳያልፍም ተወሰነ። አስተማሪ ግን ጠፋ፤ ባጃጅ እስከ ደጃፉ አይደርስም፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል። እማዋይሽ እጇን አወጣች።

የመጀመሪያው ሳምንት እንዳሰበችው አልሆነም። በልማዷ "ተነሡ!" ብላ ስትጮህ ከፊት የተቀመጠችው ሰሚራ ደንግጣ አለቀሰች። ትምህርቱም ከሰዓቱ ቀድሞ አለቀባት። ዘጠና ልጅ ጸጥ ማሰኘት ታውቅበታለች፤ ጸጥ ያለ ልጅ ማናገር ግን አልለመደችም። ውሎ አድሮ ወንበሯን መካከላቸው ድረስ ሳበች፤ እያንዳንዱን አጠገቧ አስቀምጣ ማስነበብ ጀመረች። ሰሚራ ፊደሉን በቃሏ እንደ ውኃ እንደምታወርደው፣ አንዱን ነጥለው ሲያሳዩዋት ግን እንደማታውቀው ያየችው ያኔ ነው። እንዲህ ሆነው ያለፏት ስንት ይሆኑ ብላ አሰበች። 

ሰሚራ ማንበብ ስትጀምር ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ክፍሉም አርባ ሞላ። አንድ ማለዳ አገኘሁሽ የልጅ ልጇን ብፅዓትን አስከትላ መጣች። አገኘሁሽ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ልጅ ናት፤ ከእማዋይሽ ጋር በአንድ አጥር ተጎራብተው ልጆቻቸውን አብረው አሳድገዋል።

"ያው አንቺ ጋ ትግባልኝ" አለች፣ እምቢታ ይገጥመኛል ብላ ሳታስብ።

ርዕሰ መምህሩ መርጋ ወጣትና ገር ሰው ነው። "አዴ እማዋይሽ፣ አንዲት ልጅ ምን ያህል ቦታ ትይዛለች? ጠጋ ጠጋ ይላሉ" አለ።

እማዋይሽ ይህን ቃል ታውቀዋለች። ዘጠናዎቹም በአንድ ቀን አልመጡም፤ ጠጋ ጠጋ እየተባለ ነው የሞሉት።

"አልችልም፣ አገኘሁሽ።"

"እኔን ነው?"

"አንቺን ነው። ነገ ሌላዋ ስትመጣ ምን እላታለሁ?"

አገኘሁሽ የልጅቷን እጅ ያዘች። "ልጅሽ በወባ ሲነድ አብሬሽ ሳድር፣ ሌሊቱን ቆጥሬብሽ ነበር?" ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ ቀረ። እማዋይሽ ልክ ነኝ እያለች ራሷን ብታጽናናም፣ ብፅዓት በየማለዳው ወደዚያ ወደ ተጨናነቀው ትምህርት ቤት ስታዘግም በአጥሩ ቀዳዳ ታያት ጀመር። ልክ መሆን እንዲህ እንደሚያስከፋ አታውቅም ነበር።

"ልጅ መመለስ ብቻውን ሥራ አይደለም" አለችው ለመርጋ አንድ ቀን። ተጨማሪ ክፍልና አስተማሪ ሊጠይቁ ተያይዘው ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዱ፤ ያደታ የተባለ ኃላፊ በጥሞና ሰማቸው።

"በድጋፉ አስተማሪ ልልክላችሁ እችላለሁ። ክፍል የምሠራበት ግን የለኝም" አላቸው።

መርጋ የእማዋይሽን ፊት አየና "ቶሌ፣ እሺ! ክፍሉን እኛ እናበጀዋለን" አለ።

የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ተራገፈ፤ የፈራረሰው ግድግዳ በወላጆች ሊመረግ ቅዳሜ ተቀጠረ። አገኘሁሽ ሳትጠራ መጣች። ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃና ጭዱን በእግሯ ታቦካ ጀመር፤ እማዋይሽን ግን ቀና ብላ አላየቻትም። ወደ ቀትር ላይ የእማዋይሽ ሻሽ ተፈታ፤ እጇ ጭቃ በጭቃ ስለሆነ ልትነካው አልቻለችም። አገኘሁሽ ጣቶቿን ተለቃለቀችና ከኋላዋ መጥታ አሰረችላት።

"ክፉ ሴት ነሽ" አለቻት በጆሮዋ።

"ነኝ" አለች እማዋይሽ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ብፅዓት ገባች፤ የገባችው ግን ከአዲሷ አስተማሪ ከጸሐይወርቅ ዘንድ ነው። አገኘሁሽ ይህን እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። ልጅቷን ልትወስድ በመጣች ቁጥር "ጎበዝ ናት ይላሉ፤ እንዳንቺ ግን አትሆንም" ትላለች። እማዋይሽ የልጅቷን ቦርሳ ትይዝላታለች። ብፅዓትን መሃል አድርገው፣ ጭቃውን እየዘለሉ፣ እስከ ዋናው መንገድ አብረው ይወርዳሉ።