ከእናቴ ስልክ ላይ የጠፋው ምዕራፍ

ባለፈው ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ አንኮበር እናቴ ቤት ስደርስ እንግዳ ጠበቀኝ። እትዬ የሺ ይባላሉ። የእናቴ የልጅነት የትምህርት ቤት ጓደኛ ናቸው፣ ከመዘዞ ነው የመጡት።

እናቴ ገና ሳልቀመጥ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«በል የእኔን ምዕራፍ አንብብላት። የሺ እስከ ዛሬ የወደቅኩ ነው የሚመስላት!»

ክው አልኩ...

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና የማውቃቸውን ሰዎች እውነተኛ ታሪክ በየምዕራፉ የያዘ መጽሐፍ ጻፍኩና ራሴው ኢንተርኔት ላይ አወጣሁት። አሳታሚ የለ፣ ማተሚያ ቤት የለ። በሳምንቱ ስህተት አየሁና አረምኩ። ከዚያ ሽፋኑን ቀየርኩ። ከዚያ መግቢያውን። ሱስ ሆነብኝ። እኔ ባረምኩ ቁጥር አንባቢው ስልክ ላይ ያለውም በራሱ ይታደሳል። የእናቴንም ስልክ ፊደሉን አጉልቼ እንደዚያ ያስተካከልኩላት እኔው ነኝ።

ስድስተኛው ምዕራፍ የእሷ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትና አልፋለች። ውጤቱን ሊያይላት የሄደው ታላቅ ወንድሟ ግን «ወድቀሻል» አላት። በዚያው ዓመት ተዳረች። ማለፏን ከድሮ አስተማሪዋ የሰማችው እኔን ከወለደች በኋላ ነው። አጎቴ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ዋሽቻለሁ ብሎ አያውቅም።

መጽሐፉ አገር ቤት ሲወራ አጎቴ ሦስት ሽማግሌዎች ደብረ ብርሃን ድረስ ላከብኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው «እሺ ሳትለን አንቀመጥም» ብለው ሳሎኔ መሃል ቆሙ።

«የወረቀት ቢሆን አንለምንህም ነበር» አሉኝ ትልቁ። «ይኼ የስልኩ ግን ይታረማል አሉን። ሰውዬው በስተርጅናው አንገቱን ደፍቶ ይሙት እንዴ ልጃችን?»

ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ ይከብዳል። እሺ አልኩ። ተቀመጡ፣ መረቁኝ። ሻያቸውን ጠጥተው ሳይጨርሱ ምዕራፉን አጠፋሁት። እናቴን ግን ማንም አልጠየቃት። እኔም አልጠየቅኳት። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

እናም ቅዳሜ ስልኳን ይዤ ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች አልኩት።

«ኔትወርኩ እምቢ አለ እማዬ...»

«መጽሐፉ ስልኩ ውስጥ ነው፣ ኔትወርክ አይፈልግም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ተቀበለችኝና ራሷ ፈለገች። ከአምስተኛው አለፈች። ስድስተኛው ላይ ቀድሞ ሰባተኛ የነበረውን የሌላ ሰው ታሪክ አገኘች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«እዚህ ነበር እኮ የሺ... ተጽፎ ነበር። አልፌ ነበር።»

እትዬ የሺ እጇን ያዝ አደረጓት። «ይሁን እህቴ፣ ያለፈ ነገር ነው። መውደቅ ደግሞ ያለ ነው» አሏት፣ ለቅሶ ቤት እንደሚያጽናና ሰው።

እውነቷን ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ታዲያ ማን አጠፋው ሊሉኝ ነው። መልሼ ዘጋሁት።

እንግዳዋ ከሄዱ በኋላ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። ሽማግሌዎቹን፣ መቆማቸውን... ሰማችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን መለስኩትና ደወልኩላት።

«መልሼዋለሁ እማዬ፣ ክፈቺው።»

«ተወው ልጄ። ወንድሜ የደበቀብኝ አንዴ ነው። አንተ ግን ታወጣዋለህ፣ ትደብቀዋለህ... ነገ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ይቆምብሃል።»

ምዕራፉ አሁን በቦታው ነው፣ አንድም የፊደል ስህተት የለበትም። እትዬ የሺ ግን እናቴ እንደወደቀች አምነው መዘዞ ገብተዋል።