የመኪናው ድጎማ ለእኛም ይፈቀድ እንደሆነ

በኮሮናው ጊዜ፣ ስፓዛ የምንለውን የሰፈር ሱቄን በጊዜ እየዘጋሁ ቤት መግባት ግድ በሆነባቸው ወራት፣ የኤሌክትሪክ መኪና አዋቂ ሆንኩ። ቤሪያ በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማችን ተቀምጬ በስልኬ ቪዲዮ ሳይ እውል ነበር። አንዱ ላይ አንድ ሰውዬ ነጭ መኪና እያሳየ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ መንግሥት ከዋጋው ላይ ይመልስለታል አለ። ከመሐል ከተማ ዕቃ የማመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ባኪዬ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣ ነበርና ወሬው ልቤ ገባ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ዘንድ የወረቀት አዋቂ ተብዬ ነኝ። የመኖሪያ ፈቃዱን የሚያድስ ሁሉ እኔን ሳያማክር አይሄድም። ስለዚህ ድጎማው መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ለእኔ አይመጥንም። የእኔ ጥያቄ ከፍ ያለ ነበር፤ ለእኛ ለውጭ ሰዎችስ ይፈቀዳል ወይ የሚል።

ባለቤቴ "መጀመሪያ አጣራ፣ ከዚያ ታወራለህ" አለችኝ። እኔ ግን መጀመሪያ አወራሁ። ከሰሙኝ አንዱ፣ እንደ እኔ አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ሱቅ ያለው የሆሳዕና ሰው፣ ኤሌክትሪኩን ሊገዛ ቫኑን ለመሸጥ ገዢ ማነጋገር ጀመረ። ይህን ስሰማ ደነገጥኩና ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት እንዲህ ያለ ድጎማ እንደሌለ በትሕትና ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ፣ ሴትዮዋ ሥራዋን እንደማታውቅ አስረዳኋት።

በማግስቱ የሠርግ ኮቴን ለብሼ፣ ማስክ አድርጌ፣ ወረቀቶቼን በሙሉ በፕላስቲክ ይዤ፣ በከተማው ሰሜን በኩል ወዳለ የመኪና መሸጫ ሄድኩ። ሻጯ ወጣት ሴት ነበረች። መጀመሪያ መኪናውን አስነዳችኝ። ድምፅ ስለሌለው ያልተነሳ መስሎኝ ደጋግሜ ቁልፉን ስጫን፣ ተነስቷል ብላ በዝግታ ነገረችኝ። የት ቻርጅ እንደማደርገው ስትጠይቀኝ፣ ከሱቄ ፍሪጅ ሶኬት አልኳት። መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት ሰፈር ፍሪጄ ራሱ ተራ እንደሚጠብቅ አልነገርኳትም።

ስንመለስ ወረቀቶቼን ዘረጋሁና ዜጋ ያልሆነ ሰው ለድጎማው ብቁ መሆኑን ጠየቅኩ። የትኛው ድጎማ አለች። ቪዲዮውን አሳየኋት። ጥቂት አየችና ጣቷን ስልኬ ላይ፣ በነጩ መኪና መሪ ላይ አሳረፈች። መሪው በግራ በኩል ነበር። እኛ አገር፣ ማለቴ እዚህ፣ መሪ በቀኝ ነው። ስንት ጊዜ አይቼው አንድም ቀን ልብ አላልኩትም።

"ጌታዬ፣ ይሄ ሌላ አገር ነው" አለችኝ። "እዚህ ድጎማው ለማንም የለም። ለእኔም የለም።"

እውነቱን ለመናገር፣ ከኀፍረቱ በፊት የመጣልኝ ትንሽ ደስታ ነው። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ከዜጋ ጋር እኩል የተከለከልኩት ያን ቀን ብቻ ነበር።

ወዲያው ባለ ቫኑ ትዝ አለኝና ከግቢው ደወልኩለት። ገዢው ገና ከፊቱ ቆሞ ነበር። እንዳትሸጥ አልኩት። ምክንያቱን ሳይጠይቅ ሰውየውን በዙሉኛ ይቅርታ ጠይቆ ሲያሰናብተው በስልኩ ሰማሁ። ከዚያ ባኪዬን ላስነሳ ብል እምቢ አለች። ሻጯና ዘበኛው በዚያ ሁሉ አብረቅራቂ መኪና መካከል ገፉኝ፤ አልተነሳችም። መልሼ ደወልኩለትና ድጎማው እንደሌለም ነገርኩት።

ባለ ቫኑ ገመድ ይዞ መጣና ባኪዬን ከቫኑ ኋላ አሰረ።

"ወንድሜ፣ አንተ ስትናገር እኮ መንግሥት የተናገረ ይመስለኝ ነበር" አለኝ። ከዚያ ገመዱን እያጠበቀ፣ "ለመሆኑ ነዳኸው?" አለ።

"ነዳሁት።"

"እንዴት ነው?"

ወረቀቶቼን ታቅፌ፣ መኪናው ድምፅ ሳያሰማ እንዴት እንደሚሄድ ነገርኩት። እርሱም ደግመህ ንገረኝ አለኝ።